ዓይኗን ብቻ አደራ

ጥፊው የተሰማው እኔና ጋሼ ስለ ኩርኩም ስንከራከር ነው።

ጋሼ የምላቸው የቀድሞ መምህሬን ነው። አሁን በአንድ ኮሌጅ አብረን ስፖርት ሳይንስ እናስተምራለን፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አጠገባቸው ስቀመጥ ጀርባዬን ቀጥ አደርጋለሁ። ያን ሰሞን በስፖርት ውስጥ ስላለው የሕፃናት ጥበቃ ጥናት ለማካሄድ ዕቅድ እያረቀቅን ነበር። ቢሮው ሲሞቀን ወረቀታችንን ይዘን፣ ግሽ ዓባይ ካለው ቤቴ ብዙም ወደማይርቀው ሜዳ እንወርዳለን። ሜዳው ሐይቁ ዳር ነው። ተሰነጣጥቆ ሳር የበቀለበት የሲሚንቶ ደረጃ አለው፤ እዚያ ላይ ቁጭ ብለን እንጽፋለን። ከጣና የሚነሳው ነፋስ ወረቀታችንን እየገለበጠ ያስቸግራል፤ ጋሼ በጫማቸው ይረግጡልኛል።

የምንከራከረው ጥናቱ ጥቃት ብሎ የሚመዘግበው ምኑን ነው በሚለው ላይ ነበር። እኔ ሁሉም ይግባ ባይ ነኝ፤ ጥፊውም፣ ቁንጥጫውም፣ ጎማውም፣ ፀሐይ ላይ ማንበርከኩም፣ ስድቡም። ጋሼ ደግሞ ቀላልና ከባድ ተብሎ ይከፈል ይላሉ። ቀላሉን እንተወው ማለታቸው ነው።

«ኩርኩምን ካስገባሽ እኮ ልጄ፣ ከተማውን በሙሉ ልትመዘግቢ ነው» አሉኝ።

«ይመዘገባል እንጂ፣ ምን ችግር አለው?»

«መዝግበሽስ የት ታደርሽዋለሽ? እኔም አንችን ኮርኩሜሻለሁ።»

«አዎ፣ ኮርኩመውኛል። አልረሳሁትም።»

ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ ነው ያ ድምፅ የመጣው። ደረቅ እንጨት የተሰበረ መስሎኝ ነበር፤ ከሜዳው ማዶ እስከ ደረጃው ድረስ ተሰማ። ቀና ስል የእህቴ ልጅ በጉልበቷ ወድቃለች። አሰልጣኟ እጁን ገና አላወረደም።

ልጅቱ የታላቅ እህቴ ልጅ ናት። እህቴ ቁንዝላ ዓሣ አጥማጅ አግብታ እዚያው ሐይቁ ዳር ትኖራለች። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ስትመለስ ባጃጅ የምትቀድም ናት ይሏታል፤ የቁንዝላን መንገድ ላየ ሰው ባጃጅ መቅደም ያን ያህል ድንቅ አይደለም፣ ግን እውነትም ሯጭ ናት። እዚያ የሚያሠለጥናት ስለሌለ፣ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት ከእኔ ጋር እየኖረች እንድትማርና እንድትሮጥ ተወሰነ። አባቷ በጀልባ ይዟት መጣ። በማዳበሪያ ከረጢት የጠቀለለውን አንድ ትልቅ አምባዛ ዓሣና ልጁን ለአሰልጣኙ በአንድ ቀን አስረከበው።

«ይችውልህ፣ ልጅህ ናት» አለው። «ዓይኗን ብቻ አደራ።»

በእኛ አገር አባት ልጁን ለአስተማሪ ሲሰጥ እንዲህ ይላል። ዓይኗን አታጥፋብኝ፣ ሌላው የአንተ ነው፣ እንዳሻህ ቅጣት ማለት ነው። የተናገረው በፍቅር ነው፤ ለልጁ የሚበጃትን እየሰጠ መስሎታል። እኔ አፌን ልከፍት ስል እህቴ ክንዴን ጨመቀችኝ። አሰልጣኙ አምባዛውን ተቀብሎ አጎነበሰ፤ «አታስብ፣ የእኔም ልጅ ናት» አለ።

ሰውየውን ክፉ ነው ብዬ መጻፍ ቢቀናኝ ኖሮ ሥራዬ በቀለለ። የልጆቹ እግር ውሃ ሲቋጥር ተንበርክኮ በጨው ውሃ የሚያጥበው እሱ ነው። ቁርስ ሳይበሉ ለሚመጡት ከኪሱ ዳቦ ይገዛል። ሲመሽ ሴቶቹን በየሰፈራቸው መግቢያ ድረስ ይሸኛቸዋል። በሜዳው የሽቦ አጥር ላይ ደግሞ ከጃኬቱ ጎን ክንድ የሚያህል የውሃ ጎማ ቁራጭ ይሰቅላል። ሁሉም ያየዋል። ወላጆች ሲመጡ በጎማው በኩል ገብተው ሰላም ብለውት ይወጣሉ።

በዚያን ቀን ግን በእጁ ነው የመታት። ኋላ እንደነገረችኝ ጎኗን ወጋትና የመጨረሻው ዙር ላይ ቀዘቀዘች፤ ጥፋቷ ይህ ነው። በሙሉ መዳፉ፣ ጆሮዋን ከጉንጯ ጋር አጥፎ መታት። ተንበርክካ ግራ ጆሮዋን ይዛለች። በጣቶቿ መሃል ደም ወረደ፤ ብዙ አይደለም፣ ቀጭን፣ እስከ አንገቷ። «ተነሽ» አላት። ተነሳች። ተነስታ መሮጥ ጀመረች፤ አንድ እጇን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች፣ ወደ አንድ ጎን እያዘመመች፣ እንደ ሰከረ ሰው እየተንገዳገደች። እኔን ያሳበደኝ ጥፊው አይደለም፤ መነሳቷ ነው።

ከደረጃው እንዴት እንደወረድሁ አላስታውስም። ጎማውን አስታውሳለሁ። ከሽቦው ላይ መንጭቄ አወረድሁት፤ ያን ያህል ይከብዳል ብዬ አላሰብሁም ነበር። ዞር ሲል ፊቱ ላይ አሳረፍሁበት። አንዱ ጉንጩ ላይ፣ አንዱ አፉ ላይ። ከንፈሩ ተከፈተና ደሙ ጥርሱን አለበሰው። እንደገና ስሰነዝር ክንዴን ይዞ ወደ ኋላ ጠመዘዘው፤ ትከሻዬ ሲንቋቋ ሰማሁት። በሌላው እጄ ፊቱን ቧጨርሁት። በጉልበቱ ሆዴን አለኝ። ተያይዘን ወደቅን፤ አፌ አፈር ሞላ። የገላገሉን የሜዳው ዘበኛ፣ ጋሼና አንድ መንገደኛ ናቸው። ልጆቹ ክብ ሠርተው ቆመው ያዩናል፤ አንዳቸውም አላለቀሱም። አንዷማ ፈገግ ያለች መሰለኝ።

ደስ አለኝ። ሌላ ብጽፍ ውሸት ይሆናል። ትከሻዬ እየነደደ፣ ጥርሴ አፈር እያኘከ፣ ያ ከንፈር ሲያብጥ ሳይ ደስታዬ እስከ ጣቶቼ ጫፍ ተሰማኝ። ጋሼ «ምን አደረግሽ፣ አንች ልጅ፣ ምን አደረግሽ» ይሉኛል። ዘወር ስል የእህቴ ልጅ ዙሯን ጨርሳ መስመሩ ላይ ቆማለች። ሰዓት የሚይዝላት ሰው አጥታ ዓይኗ ይንከራተታል።

በዚያው ሐኪም ቤት ወሰድኋት። ሐኪሙ በመብራት አየና የጆሮዋ ታምቡር ተቀዷል አለ። ውሃ እንዳይነካው፤ በራሱ ሊገጥም ይችላል፣ ላይገጥምም ይችላል፤ ጠብቀን እናያለን። እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«መሮጥ እችላለሁ?»

«የምትሮጭው በጆሮሽ አይደለም» አላት ሐኪሙ፣ ሊያጽናናት ብሎ። ሳቀች። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

ምክንያቱም የክልሉ የሯጮች ምርጫ እየደረሰ ነበር። እዚያ የተመረጡት ልጆች ማሠልጠኛ ማዕከል ገብተው እየተማሩ ይሮጣሉ። ከእናቷ ጉያ የወጣችው ለዚህ ነው፤ ቁንዝላ ያሉት ታናናሾቿም ሳይቀሩ ይህን ምርጫ ያውቁታል። ስሟን አስገብቶ የሚወስዳት ደግሞ እሱ ብቻ ነው፤ ያለ አሰልጣኝ ማንም አይቀርብም። ስለዚህ ወይ ልጅቱን ለዚያው እጅ መልሼ እሰጣታለሁ፣ ወይ ሩጫዋን እነጥቃታለሁ። ሌላ መንገድ ቢፈለግ ቢፈለግ አልታይ አለኝ።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድሁ። ተረኛው በትዕግሥት ሰማኝ፤ ውሃም ጋበዘኝ። ስጨርስ፣ ሰውየው ከንፈሩን በፋሻ አሽጎ ቀድሞኝ መጥቶ እንዳመለከተ ነገረኝ።

«ተከሳሿ አንች ነሽ» አለኝ። «ልጅቱን በሚመለከት እሱም አልካደም፤ ቀጣኋት ነው ያለው። እህቴ፣ ይህ ነገር በእርቅ ቢያልቅ ነው የሚሻለው።»

ማታውን የእህቴ ባል ደወለ። ከወዲያ የሞገዱ ድምፅ ይሰማል፤ ኔትወርክ ፍለጋ ወደ ጀልባው ማቆሚያ ወጥቶ ነው።

«እኔ ልጄን የሰጠሁትን ሰው አንች ማን ነሽና ትመችዋለሽ?» አለኝ።

«የጆሮዋን ታምቡር ቀዶታል እኮ።»

«ዓይኗስ?» አለ ቀስ ብሎ። «ዓይኗ ደኅና ነው?»

«ዓይኗ ደኅና ነው።»

«ተመስገን።»

እውነቱን ነው፤ ከልቡ ነው ያመሰገነው። ስልኩን ግድግዳ ላይ ልወረውረው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሽማግሌዎች መጡ። በሩን ስከፍት አራት ሆነው ፀሐይ ላይ ቆመዋል፤ አራተኛው ጋሼ ናቸው። ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ደረጃው ላይ ከእኔ ጋር ወረቀት የሚረግጡት ሰው እንዳልሆኑ ሁሉ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱኝ። ግቡ አልሁ፤ አልገቡም። ወንበር አወጣሁ፤ አልተቀመጡም። ሽማግሌ የመጣበትን ጉዳይ እሽ እስኪባል ድረስ አይቀመጥም፤ ቆሞ ይለምናል። የሽማግሌውን ልመና የሚመልስ ሰው ነገ ለቅሶው ላይ የሚደርስለት አያገኝም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ?» አልኋቸው።

«ሰው በተጣላ ቁጥር እኔን ነው የሚጠሩኝ። ምን ላድርግ?»

«ጥናታችንስ?»

«ጥናቱ ሰኞ ነው» አሉኝ።

ወደ ቤት ገባሁ፣ ድስት አነሳሁ፣ አስቀመጥሁ፣ ተመልሼ ወጣሁ። አሁንም ቆመዋል። የጋሼ ጉልበት ሕመም አለበት፤ አንዱን እግራቸውን እያሳረፉ ሌላውን ሲያነሱ አየሁ። ክፋታቸው ይኼ ነው፤ አይጮኹም፣ አያስፈራሩም፣ ፀሐይ ላይ ይቆማሉ። እሽ አልሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢዬ ውስጥ ማንጎው ጥላ ሥር ተቀመጥን። እሱ ከንፈሩ ቅርፊት ሠርቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። መጀመሪያ እሱ ተናገረ። አንዲት ልጅ ስትሰንፍ ቀጣሁ፤ ይህች ሴት በራሴ ጎማ፣ በማሠለጥናቸው ልጆች ፊት አዋረደችኝ፤ እንግዲህ በምን ዓይኔ ሜዳው ላይ ልቁም አለ። ድምፁ ሊሰበር ምንም አልቀረውም፤ እውነትም ተጎድቷል። ቀጥሎ እኔ ተናገርሁ። ስለ ደሙ፣ ስለ ታምቡሩ፣ ተንገዳግዳ ስለ መሮጧ አንድ በአንድ አስረዳሁ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ከዚያ ወደ አጥሩ ጥግ ዘወር ብለው ተንሾካሾኩና ተመለሱ።

በዳይ እኔ ነኝ።

ከአበባዬ መደብ ዳር ድንጋይ አነሱ። በዳይ ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ነው፤ ድንጋዩ የሚወርድለት የተበደለው ይቅር ብያለሁ ሲል ነው። ማጅራቴ ላይ አስቀመጡልኝ። እኔ ስለ ራሴ ዱላ ቢፈርዱብኝ አልከፋኝም፤ መትቻለሁ፣ ሰው ነው የመታሁት፣ ልሸከም። አጎንብሼ ስቆም የሚታየኝ ጫማ ብቻ ነበር። የሽማግሌዎቹ ኮንጎ፣ የጋሼ ቡናማ ቆዳ ጫማ፣ የእሱ ያለቀ ስኒከር። ልጆቹን የሚያሯሩጥበት ነው፤ ሶሉ በልቶ አልቋል።

«ለፈጣሪ ብዬ፣ ለሽማግሌ ብዬ ይቅር ብያለሁ» አለ።

ድንጋዩን አወረዱልኝ። ተሳሳምን። የከንፈሩ ቅርፊት ጉንጬን ሻከር አድርጎ ነካኝ። ሁሉም እፎይ ብሎ ጋቢውን አመቻቸ።

«የልጅቱስ?» አልሁ።

ትልቁ ሽማግሌ በትዝብት አዩኝ። «የምን የልጅቱ?»

«ጆሮዋ። ለእሷ ድንጋይ የሚሸከመው ማን ነው?»

አንደኛውን ሳቅ አፈናቸው። ትልቁ ግን አልሳቁም፤ ለሕፃን እንደሚያስረዱ ሆነው ነገሩኝ። «ልጅ ካሳዳጊዋ ጋር ትጣላለች እንዴ? የተጣላ ነው የሚታረቅ። እሷ ተቀጣች፣ አለቀ። በይ ተይው፣ የወረደውን እርቅ አታቆሽሽው።»

ጋሼን አየኋቸው። እሳቸው የማንጎውን ቅጠል ያያሉ።

ያን ጊዜ ነው የእህቴ ልጅ ከቤት የወጣችው። ማን እንደጠራት አላውቅም፤ ማንም አልጠራትም። ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ አለ። አሰልጣኟ ፊት መጥታ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ቆመች፤ ሜዳው ላይ ትእዛዝ ሲሰጣቸው እንደሚቆሙት።

«እኔንስ መቼ ነው የሚታረቁኝ?» አለችው።

ድፍረት አልነበረበትም። ልምምድ ስንት ሰዓት ነው ብላ እንደምትጠይቅ አድርጋ ነው የጠየቀችው። እሱ መሬት መሬት አየ። ከንፈሩን ሲከፍት አይቻለሁ፤ ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ትንሽ ደም ወጣው። አንድ ነገር ሊላት ነበር፤ ይህን እስከ ዛሬ አምናለሁ።

ትልቁ ሽማግሌ ቀደሙት። «እስቲ ልጄ፣ ውሃ አምጭልን» አሏት።

ከዚያ ገብታ ውሃ አመጣች። በሁለት እጇ፣ ጎንበስ ብላ፣ ከትልቁ ጀምራ አዳረሰች። እሱ ሲቀበላት ውሃው ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ይህ ነገር ከእንግዲህ አይነሳ፣ ያነሳው ሰው ይጥፋ ተባለ። የልጅቱም ስም ለምርጫው እንደሚገባ፣ ነገውኑ ወደ ልምምዷ እንድትመለስ እሱ በሽማግሌ ፊት ቃል ሰጠ። ሁሉም አሜን አሉ። ስሟ እንዲገባ ስል እኔም አሜን አልሁ፤ አሜኑ ጥርሴ ላይ እንደ አሸዋ ነበር።

ሰኞ ጋሼን ቢሮ አገኘኋቸው። ሰላምታ አልሰጠኋቸውም።

«ትናንት አሜን ያሉት ሰው ዛሬ የሕፃናት ጥበቃ ሊጽፉ ነው?» አልኋቸው።

«ትናንት የተናገርሁት ለሰላም ነው። ዛሬ የምጽፈው ለእውነት ነው።»

«አፍዎ አንድ ነው እኮ።»

ይህን ለመምህሬ እናገራለሁ ብዬ ራሴን ጠርጥሬ አላውቅም። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። ከዚያ ዕቅዱን ገለጡ። አንድ ልጅ በጥናቱ ወቅት የደረሰበትን ጉዳት ቢነግረን ምን እናደርጋለን የሚል ክፍል አለው፤ ያካባቢው ሽማግሌዎች እንዲያውቁት ይደረጋል ብለን የጻፍነው ሁለታችንም ተስማምተን ነው። እንደ ጥሩ ሐሳብ ቆጥረነው ነበር፤ አገራችንን እናውቃለን ብለን። ጋሼ እስክሪብቶ አንስተው ያንን ዐረፍተ ነገር ከዳር እስከ ዳር ሰረዙት።

«እኛን ሽማግሌዎቹን አውጭን» አሉኝ። በቦታው ምን እንጻፍ ብዬ ብጠይቃቸው አላውቅም አሉ። እኔም አላውቅም። ባዶውን ተውነው።

ከዚያ ወዲያ ጭቅጭቃችን ረገበ። ያ ሜዳ ከጥናቱ እንዲወጣ ተስማማን፤ እኔ የነገሩ ባለቤት ሆኛለሁ፣ እርቁም አፌን ዘግቶታል። ግን አክስት ነኝና ሜዳ ዳር መቀመጥ የሚከለክለኝ የለም። በየቀኑ ከሥራ መልስ ጃንጥላዬን ይዤ ደረጃው ላይ እቀመጥ ጀመር። አላወራም፣ አልጽፍም። ዓይኔን ብቻ እሱ ላይ እተክላለሁ።

ሠራ። ጎማው ከሽቦው ላይ ጠፋ። እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ማሠልጠን ጀመረ፤ «በርቱ፣ ጎበዝ» ሲል ሰማሁት፣ ቃሉ አፉ ውስጥ እንደ አዲስ ጫማ ቢጠብበውም። የእህቴ ልጅ ጭንቅላቷን ትንሽ ወደ ቀኝ አዘንብላ ትሮጣለች፤ ታምቡሩ እስካሁን አልገጠመም፤ ግን ሰዓቷ እየተሻሻለ ነው። ስሟም እንዳለው ገባ። እኔ ኩራቴ ልክ አጣ። ለጋሼ ሄጄ፣ የቤተሰብ ሰው ሜዳ ዳር መቀመጡ ራሱ ጥበቃ ነው፣ ዕቅዱ ላይ ይጻፍ አልኋቸው። እሳቸውም ባዶ የተውነው ቦታ ላይ ጻፉት። ክፍሉ ሞልቶ ሳየው ደስ ብሎኝ አሳ ጥብስ ጋበዝኋቸው።

አንድ ነገር ብቻ አስተውዬ ነበር። ልጆቹ ከእህቴ ልጅ ጎን አይሮጡም። ሲያፍታቱ ብቻዋን ናት፣ ውሃ ሲጠጡ ብቻዋን ናት። እሷ ወደ አንዱ የመሮጫ መም ስትገባ እዚያ ያለችው ልጅ ቀስ ብላ ወደ ሌላው ትወጣለች። ቅናት ነው አልሁ፤ ሰዓቷ ስለበለጣቸው።

ባለፈው ሳምንት ከልምምድ ስንመለስ ሐይቁ ዳር ባለው መንገድ ነው የመጣነው። ማሽላ እሸት ከሚጠብሱት ሴቶች ገዝቼላት አልበላችውም፤ በእጇ ታገላብጠዋለች። በምትሰማው ጆሮዋ በኩል ነው የምሄደው።

«አክስቴ» አለችኝ። «ከነገ ጀምረሽ አትምጭ።»

«ምነው? አፈርሽብኝ?»

«አንች ስትቀመጭ እኔን አይመቱኝም።»

«እና መልካም አይደለም?»

እሸቱን ወደ ሌላው እጇ አዞረችው። «እኔና አንች ከወጣን በኋላ ልጆቹን ያስቀሯቸዋል። ከመልበሻ ክፍሉ ጀርባ። እኔ ከዘገየሁ አጠገቤ የሮጠችዋን ነው የሚገርፏት። ያንችንም የሷንም ድርሻ ነው የምትቀምሽው እያሉ።»

ቆምሁ። እሷም ቆመች።

«ማን ነገረሽ?»

«አንዷ ልጅ እግሯን አሳየችኝ። ጎማውን አልጣሉትም፤ መልበሻ ክፍል ነው ያለው። ለዚህ ነው የሚሸሹኝ እንጂ ሌላ ነገር የለም። እኔ ጎን የሮጠች ልጅ ትገረፋለች።»

ምን እንዳልኋት አላውቅም። ፖሊስ ጣቢያ እንሄዳለን ያልሁ ይመስለኛል፤ እርቁ ይፍረስ፣ ስምሽም ይውጣ፣ የመጣው ይምጣ ያልሁም ይመስለኛል። ጮኬ ሳይሆን አይቀርም፤ እሸት ጠባሾቹ ዞረው አዩን። እሷ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«አይሆንም» አለች። «አንች ዝም ብለሽ ቤት ቆይልኝ። እኔ ብመታ ይሻለኛል።»

ፊቷን አየሁት። አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም። እንድትመታ እንድፈቅድላት እየለመነችኝ ነበር።